ያልቀጠርናቸው አገልጋዮች

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» — የአበው ብሂል

 

በዚህ ገጽ ዘወትር የምጽፈው ስለ ሕግና ስለ መንግሥት አሠራር እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዛሬው መነሻዬ ግን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከመንገዴ የወጣሁ ቢመስላችሁም እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ወደ ተለመደው ጉዳያችን ተመልሰን እንደምንገናኝ ቃል እገባለሁ።

ላፕቶፑ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤቴ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ ተጋድሞ ሌት ተቀን ይሠራል። መብራት ሲጠፋ (እንደሚጠፋ ደግሞ የሰፈሬ ሰው ምስክሬ ነው) የራሱ ባትሪ ለሰዓት ያህል ይሸከመዋል። ከ15 ዋት ያልበለጠ ኃይል ስለሚወስድ በወር የሚቆጥርብኝ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ማሽን «ሰርቨር» ይሉታል። ቃሉን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አገልጋይ» ማለት ነው።

ይህ አገልጋይ እንዴት ወደ ቤቴ እንደገባ ልናገር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለሦስት ሳምንታት ያህል ዘለቀ። ወቅቱ ኮቪድ ዩኒቨርሲቲዎችን ዘግቶ ተማሪዎችን ወደየቤታቸው የበተነበት ነበር። የማማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን የሚልኩበት፣ እኔም አስተያየቴን የምመልስበት መንገድ በአንድ ሌሊት ጠፋ። በእነዚያ ቀናት ሕይወታቸውንና ንብረታቸውን ካጡት ወገኖቻችን አንጻር የእኔ ችግር ከምንም የሚቆጠር እንዳልሆነ አላጣሁትም። ሆኖም ያን ጊዜ አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ፤ መስመሩ ቢዘጋ እንኳ በቤት ውስጥ የሚቀር ዕውቀት ይኑር አልኩ። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የዊኪፒዲያ ቅጂ፣ መማሪያ መጻሕፍትና የራሴን የክፍል ማስታወሻዎች ጫንኩበት። ዋይፋዩንም ለብሎካችን ልጆች ከፈትኩላቸው። ማታ ማታ በደረጃው ላይ ተቀምጠው በስልካቸው ሲያነቡ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

ኩራት ውድቀትን እንደምትቀድም ግን መጽሐፉም ይናገራል።

አሥራ አንድ መስመሮች

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ፣ መጽሐፍ ሊዋስ ወደ ቤት መጣ። ላፕቶፑን አየና፣

«ጋሼ፣ እዚህ ማሽን ላይ ምን ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ።

«እንዴታ! እኔ አይደለሁ እንዴ ያሰናዳሁት?» አልኩት።

«እስቲ ከፈቀዱልኝ እንቁጠረው» አለና ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈ። ከላይ እስከ ታች አሥራ አንድ መስመሮች ተዘረዘሩ። እያንዳንዱ መስመር በማሽኑ ላይ የተከፈተ አንድ በር ነው። ከእያንዳንዱ በር ኋላ ተቀምጦ «ማን ነው? ምን ልታዘዝ?» እያለ የሚጠባበቅ አንድ ፕሮግራም አለ።

አራቱን ለይቼ አወቅኋቸው። 22 ቁጥር በር ማሽኑን ከሩቅ የማዝዝበት ነው። 80 እና 8080 ልጆቹ መጻሕፍቱንና ዊኪፒዲያውን የሚያነቡባቸው ናቸው። 445 ደግሞ ሳምባ የተባለው የፋይል ማጋሪያ ነው፤ ከሰውነታችን ሳምባ ጋር የስም ዝምድና ብቻ ነው ያለው። የቀሩት ሰባቱስ?

631 የኅትመት አገልግሎት ሆኖ ተገኘ። በቤቴ ፕሪንተር ኖሮ አያውቅም። አገልግሎቱ ከስርዓተ ክወናው ጋር አብሮ ገብቶ፣ ለሌለ ፕሪንተር ዓመታትን በሥራ ላይ አሳልፏል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በዚሁ የሊኑክስ የኅትመት አገልግሎት ውስጥ፣ ከሩቅ ያለ ሰው በማሽኑ ላይ የራሱን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም ሊያስችል የሚችል ድክመት መገኘቱ ይፋ እንደሆነ ልጁ ነገረኝ። 5353 ማሽኑ በአካባቢው ላሉት ሁሉ ስሙን እየጠራ «እዚህ ነኝ» የሚልበት ነው። 3306 ድሮ ጀምሬ የተውኩት የጥናት ሥራ የመረጃ ቋት ነው። 8384 እና 22000 ፋይሎችን ከስልኬ ጋር ለማመሳሰል ለሙከራ አስገብቼ የረሳሁት ፕሮግራም በሮች ናቸው። 5900 አንድ ጊዜ ማሽኑን የጠገነልኝ ባለሙያ «ችግር ሲኖር ከቢሮዬ ሆኜ ላየው» ብሎ የጫነው ነው። የይለፍ ቃሉን እርሱ ያውቀዋል፤ እኔ አላውቀውም።

የመጨረሻው 8000 ነበር። እርሱን ሳይ ደነገጥኩ።

ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቴ መጥቶ ሳለ፣ ፍላሽ ብናጣ አንድ ፎልደር በዚያ በር በኩል እንዲወስድ ከፈትኩለት። ፋይሉ ትልቅ ነበር፤ መብራቱ ደግሞ እየሄደ እየመጣ አስቸገረን። ስለዚህ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አገልግሎቱም አብሮ እንዲነሣ አደረግሁት። የክንውን መዝገቡም ቦታ እንዳይፈጅብኝ ብዬ ጠፍቶ እንዲቀር አዘዝኩ። ባልደረባዬ ፋይሉን ወስዶ ሄደ፤ በሩ ተከፍቶ ቀረ። ዓመታት ሲያልፉ ሌሎች ፋይሎችን በዚያው ፎልደር ውስጥ እጨምር ነበር። የሦስት ዓመት የተማሪዎች ውጤት እዚያ ነበር። በሕመም ምክንያት ፈተና ያራዘሙ ተማሪዎች ያመጡልኝ የሐኪም ማስረጃ ቅጂም እዚያው ነበር።

በዋይፋዬ የሚጠቀም ማንኛውም ሰው፣ ያለ ምንም የይለፍ ቃል፣ ሊያነበው ይችል ነበር። ማን አነበበው? አላውቅም። መቼ? አላውቅም። ስንት ጊዜ? ይህንንም አላውቅም። መዝገቡን ያጠፋሁት እኔው ነኝና።

ሰኞ ክፍል ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው፤ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ቀደም ላሉ ተማሪዎችም ጻፍኩላቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ። «በብሎካችን ያሉት ልጆች ናቸው፤ ማንም ያየው አይመስለኝም» አልኩ ለማጽናናት። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። «ዶክተር፣ ማን እንዳየው ካላወቁ፣ ማንም እንዳላየው በምን አወቁ?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው።

ስለ ጋኔኖች

ከበስተጀርባ ሆነው የሚሠሩትን እነዚህን አገልግሎቶች የሙያው ሰዎች «ዴይመን» ይሏቸዋል። ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ፕሮጀክት ማክ በተባለው ሥራ ላይ ከነበሩ ባለሙያዎች ነው። እነርሱ ደግሞ የወሰዱት የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ ከፈጠረው፣ በሁለት ክፍሎች መካከል ባለች ትንሽ በር ላይ ቆሞ ቅንጣቶችን እየለየ ከሚያሳልፈው «ጋኔን» ነው። የግሪኩ ቃል በግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ «ጋኔን» ተብሎ የተመለሰው ነው። በእኛ አገር ዳግማዊ ምኒልክ ስልክ ባስገቡ ጊዜ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደ ተቃወሙ ይነገራል። እንግዲህ ነገሩ ከስሙ ጀምሮ አልተሳሳቱም ብንል ለጨዋታ ያህል ያስኬዳል።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። በጥንቱ ግሪክ አስተሳሰብ ዴይመን በባሕርዩ ክፉ አይደለም፤ በአማልክትና በሰው መካከል የሚመላለስ፣ የማይታይ፣ ደግም ክፉም ሊሆን የሚችል ፍጡር ነው። የኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው። ሰዓት የሚያስተካክለው፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጀው፣ መጽሐፍ የሚያድለው፣ ሁሉም ከበስተጀርባ ይሠራሉ። ያለ እነርሱ ማሽኑ በድን ነው። ችግሩ በማይታየው ቦታ መሥራታቸው አይደለም፤ ባለቤቱ ሳያውቃቸው መሥራታቸው ነው። ከቤትህ ጓዳ ሰባት ያልቀጠርካቸው ሰዎች ቁልፍ ይዘው ተቀምጠው ብታገኝ፣ «እስካሁን ምንም አልሰረቁኝም» ብለህ ትተኛለህን?

ሌሊት ሌሊት የሚበዛው ትራፊክ

«ይህ የአንድ ሰነፍ መምህር ታሪክ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሐል ከተማ፣ ዓለም በቃኝ የተባለው እስር ቤት በነበረበት ቦታ ወደ ተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት እንሂድ። ሕንፃው በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የገነባችውም፣ ኮምፒውተሮቹን ያሟላችውም ቻይና ነበረች። በጥር 2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ አንድ ዘገባ አወጣ። እንደ ዘገባው ከሆነ፣ የኅብረቱ ሰርቨሮች በየሌሊቱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሕንፃው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከመጠን በላይ መረጃ ያስተላልፉ ነበር፤ መረጃውም የሚደርሰው ሻንጋይ ውስጥ ወዳሉ ሰርቨሮች ነበር። ሁኔታው ከሕንፃው ምረቃ አንሥቶ ለአምስት ዓመታት እንደዘለቀና በጥር 2009 ዓ.ም. እንደ ታወቀ ጋዜጣው ጻፈ። ቻይናም የኅብረቱ አመራርም ዘገባውን አስተባብለዋል።

ማን እውነቱን እንደተናገረ ለመፍረድ እዚህ አልተነሣሁም። የማነሣው ሌላ ነጥብ ነው። እንደ ዘገባው ነገሩን ያወጣው ሰላይ ወይም ሚሳይል አይደለም። «ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ ይህ መስመር ለምን ይጨናነቃል?» ብሎ የጠየቀ አንድ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው። ለአምስት ዓመታት ያልተጠየቀች፣ ለመጠየቅ ግን ከአንድ ግራፍ በላይ የማትፈልግ ጥያቄ ናት።

«ሃሎ ስቴፊ»

ወደ ራሳችን መንግሥት ታሪክ እንምጣ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ራፒድሰቨን በተባለ ኩባንያ የሚሠራ ክላውዲዮ ጓርኒየሪ የተባለ ተመራማሪ፣ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የሚታዘዝባቸውን ሰርቨሮች ለማግኘት ቀላል ዘዴ ዘየደ። ሰርቨሮቹ በራቸው ሲንኳኳ «ሃሎ ስቴፊ» የሚል እንግዳ መልስ ይሰጡ ነበር። ተመራማሪው የዓለምን በሮች እያንኳኳ ይህን መልስ የሚሰጡትን ቆጠረ። ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ ይኸው ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ እንደሚገኝና ሶፍትዌሩ የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ ይጠቀም እንደነበር አስታወቀ። ባለቤቱ ራሱን ደብቄያለሁ ብሎ ሲያስብ፣ አገልጋዩ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር በቅንነት መልስ ይሰጥ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው በኅዳር 2010 ዓ.ም. የታወቀው ነው። ሲቲዝን ላብ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በሠራው የስለላ መሣሪያ ውጭ የሚኖሩ ተቃዋሚ ኢትዮጵያውያን እንደታደኑ፣ አዳኞቹም ከኢትዮጵያ ሆነው እንደሚሠሩ ዘገበ። ዋናው ማስረጃ ምን ነበር? መሣሪያው የሚታዘዝበት ሰርቨር የክንውን መዝገቡን ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት አድርጎ ትቶት ነበር። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ የተጻፈውን፣ በ20 አገሮች የሚገኙ ተጠቂ ኮምፒውተሮችን የሚያሳየውን፣ ቁጭ ብለው አነበቡ። ይህ እኔ በ8000 ቁጥር በር የሠራሁት ስሕተት መንትያ ነው። ልዩነቱ እኔ የተማሪዎቼን ገመና ክፍት አድርጌ መዝገቤን አጠፋሁ፤ እነርሱ የሌላውን ገመና ሊበረብሩ ገብተው የራሳቸውን መዝገብ ክፍት ተዉ።

የዘመኑን ምፀት ደግሞ እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች በቅርብ እናውቀዋለን። ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማሪያን ቡድን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከክፍለ ከተማችን ነው። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩትና፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር በሙሉ ዘጠነኛው ዞን ነው በሚል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የቡድኑ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ በሽብርተኝነት ክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ የመገናኛ ደኅንነትንና መልእክት መመስጠርን የሚመለከት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። የአምስቱ ክስ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብርተኝነቱ ክስ ነፃ ወጡ። በሩን የሚቆልፍ ሰው በወንጀል የተጠረጠረበት ዘመን ነበር።

ማቆምና ከማስነሻው ማውጣት

ወደ ላፕቶፔ ልመለስና ያች ቅዳሜ የተማርኳትን አንድ ትምህርት ላካፍላችሁ። የኅትመት አገልግሎቱን በትእዛዝ አስቆምኩት። ደስ አለኝ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲነሣ፣ የኅትመት አገልግሎቱም አብሮ ተነሥቶ ቁጭ ብሏል! ልጁ ሳቀና «ጋሼ፣ አቆሙት እንጂ ከማስነሻው አላወጡትም» አለኝ። ሁለቱ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። የመጀመሪያው የአሁኑን ሥራ ያስቆማል። ሁለተኛው፣ ማሽኑ ወደፊት በተነሣ ቁጥር እንዳይጀምር፣ ከሚነሡት ዝርዝር ይሰርዘዋል።

ውድ አንባቢያን፣ የአገራችን የኢንተርኔት ፖለቲካ ከዚህች ልዩነት ውጭ አይገባኝም። ከምርጫ 97 በኋላ የአጭር የስልክ መልእክት አገልግሎት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ በሚሊኒየሙ መባቻ ተከፈተ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ጦማሮችና ድረ ገጾች መታገድ ጀመሩ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በፈተና ምክንያት የማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ፤ በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከዚያ ለውጥ መጣ፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችን ከእገዳ ነፃ ማድረጉን አስታወቀ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። አገልግሎቱ «ቆመ» ተባለ።

ነገር ግን ከማስነሻው አልወጣም ነበር። ልክ በዓመቱ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በብሔራዊ ፈተና ወቅት፣ ቀጥሎም ከሰኔ 15ቱ የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ተቋረጠ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ በጦርነቱ ሁለት ዓመት ገደማ ከስልክ፣ ከኢንተርኔትና ከባንክ ተለይታ ኖረች። ልጅ በሕይወት መኖሯን እናት ሳታውቅ ዓመት ያለፈባቸው ቤቶች ነበሩ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሳቢያ የማኅበራዊ መገናኛዎች ታገዱ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲከፋ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ስርዓተ ክወናው ተቀይሯል፣ ስሙም ታድሷል፤ ማሽኑ በተንገጫገጨ ቁጥር ግን ያው አሮጌ አገልግሎት ከበስተጀርባ ይነሣል።

ከዚህም በላይ መዝገብ የለውም። ከእነዚህ መቋረጦች ውስጥ «እገሌ የተባለ ባለሥልጣን፣ በዚህ ሕግ በዚህ አንቀጽ፣ በዚህ ቀንና ሰዓት፣ ለዚህን ያህል ጊዜ አዝዟል» የሚል ለሕዝብ የተገለጸ ሰነድ የተነበበበት የትኛው ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መገናኛዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን ይጠብቃል፤ ገደብ የሚጣለውም በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው ይላል። መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ይህ የመጨረሻው እኔንም፣ ፎልደሬንም ይመለከታል። ሕጉ ሞልቷል፤ የጎደለው መዝገቡ ነው።

ለሚሟገቱኝ

«አገር ሲቃጠል ኢንተርኔት ይቀድማል ወይ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በ2011 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ውኃም አየርም እንዳልሆነ ተናግረው ነበር። ክርክሩን በቀላሉ አላጣጥለውም። በፌስቡክ የተለጠፈ ቅስቀሳ ሰው ያስገደለበትን ቀን ሁላችንም አይተናል። እኔም ብሆን በገዛ ቤቴ ኔትወርክ ላይ ፋየርዎል አለኝ፤ በሮችን እዘጋለሁ። መዝጋት የባለቤት ሥልጣን መሆኑን የሚክድ የለም።

ጥያቄው የሚዘጋው ማን ነው፣ የሚጠየቀውስ ማን ነው የሚለው ነው። ቤቱ የእኔ ስለሆነ ስሕተቴን ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ተናዘዝኩ። በአገሪቱ ሰርቨር ላይ ባለቤቱ ሕዝቡ ነው ካልን፣ አዛዡም እንዲሁ ሊቆም ይገባል። የድንገተኛ ጊዜ ሥልጣን ይኑር፤ ነገር ግን ስም፣ ምክንያት፣ መነሻና መድረሻ ቀን ይኑረው። እሳት አጥፊው መስኮት ሰብሮ ቢገባ ማንም አይከሰውም፤ ከእሳቱ በኋላ ግን መስኮቱን ማን እንደሰበረ ይታወቃል።

«የምደብቀው የለኝም» የሚሉም አሉ። እኔም የምደብቀው አልነበረኝም። በፎልደሩ ውስጥ የነበረው ገመና የተማሪዎቼ እንጂ የእኔ አልነበረምና። የአንድ ሰው ቸልተኝነት ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚያስከፍለው ሌላውን ሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከቤታችን እንጀምር። በየቤታችን ሰርቨር ባይኖር ራውተር አለ፤ በየሱቁና በየግቢው ካሜራ ተሰቅሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ፣ ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረባቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች በመቶ ሺሕ እያሰለፈ የዓለምን ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት አናግቷል። ባለቤቶቹ ካሜራቸው በጦርነት ላይ መሰለፉን አላወቁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠሩ፤ የተከፈቱትን በሮች ዝርዝር አውጡ። ጥቅሙን የማታውቁትን አገልግሎት አቁሙ፤ ለአንድ ሳምንት ማንም ካልፈለገው ከማስነሻው አውጡት። ለራሱ ለማሽኑ ብቻ የሚያስፈልገውን በ127.0.0.1 አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ አድርጉ፤ 0.0.0.0 ላይ የተቀመጠ አገልግሎት በሁሉም መስኮት አንገቱን አውጥቶ እንደሚጣራ ሰው ነው። የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ ማሻሻያዎችን በወቅቱ ጫኑ። ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ያህል ሥልጣን ብቻ ስጡት፤ መጽሐፍ የሚያድለው የጓዳውን ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ከሁሉም በላይ መዝገቡን አታጥፉ። ቅጂውንም ከማሽኑ ውጭ አስቀምጡ፤ ማሽኑን የሰበረ እጅ መዝገቡንም መሰረዝ አያቅተውምና።

ከመንግሥት የምንጠይቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በስማችን ከበስተጀርባ የሚሠራው ምን እንደሆነ ዝርዝሩ ይውጣ። የትኛውም የኢንተርኔት መቋረጥ በጽሑፍ በተሰጠ ትእዛዝ፣ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር፣ በተወሰነ ጊዜ ይሁን። ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ቀርቦ ለሕዝብ ይገለጽ። ያለፉትም ቢሆን መዝገባቸው ይከፈት። ማቆም ብቻ ሳይሆን ከማስነሻው ማውጣት ማለት ይህ ነው።

ላፕቶፑ ዛሬም እመደርደሪያው አናት ላይ አለ። የተከፈቱት በሮች አራት ብቻ ናቸው። ከጎኑ በሲባጎ የታሠረች አንዲት ደብተር ሰቅያለሁ። በእርሷ ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት ማን እንደከፈተው፣ ለምን እንደከፈተው፣ መቼስ እንደሚመረመር ተጽፏል። የብሎካችን ልጆችም ደብተሯን ማንበብ ይችላሉ፤ ዋይፋዩን የሚጠቀሙት እነርሱ ናቸውና። አንድ ቀን አንደኛው ሕፃን «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማን እንዳየው ብትጠይቁኝ እንድመልስላችሁ» አልኩት።

የዚያች ተማሪ ጥያቄ ግን አሁንም ዕዳ ሆኖብኛል። ለእርሷ የምከፍለው የለኝም፤ መዝገቡ ጠፍቷል። ልከፍል የምችለው ለሚቀጥለው ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን!